አራት ጊዜ የተቀባው በር

መጽሐፍ ሳነሣ መጀመሪያ የማነበው ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፈውን ገጽ ነው፤ «ምስጋና» የሚለውን። ደራሲው ማንን እንዳስቸገረ ሳላውቅ ታሪኩን መጀመር አይሆንልኝም። ረቂቁን ማን አነበበለት? ማን ሻይ ደፋበት? ባለቤቱ ስንት ዓመት ታገሠችው? ይህን ካወቅሁ በኋላ መጽሐፉ ባይጥመኝ እንኳ ለነዚያ ሰዎች ስል እጨርሰዋለሁ።

እኔ መጽሐፍ አልጻፍኩም። ሠራሁ የምለው ነገር ቢኖር አንድ የመኪና በር ነው፤ የጋቢና በር፣ በስተቀኝ ያለው። በር ደግሞ የምስጋና ገጽ የለውም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። «ስማችሁን ያልጠቀስኩ ይቅር በሉኝ» የሚለውንም አልልም፤ ሁሉንም እጠቅሳለሁ። ያስቸገርኳቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ብዙው ችግሩ ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት መምህሩ ከኋላዬ እየተመለከተ «ልጅሽ የታለ?» አለኝ። «እኔው ነኝ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ከኋላ ተቀመጪ፤ ለሕፃናቱ ትጋርጃለሽ» አለ። ከኋላ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።

ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው ያነባል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ ምንም አይቀረው። ይህ አመል ነው ወደ መኪና ያገባኝ። ሞጣ ለሙያ ሥልጠና ልመዘገብ ሄጄ ሰሌዳው ላይ የሙያዎቹ ዝርዝር ተለጥፏል። ልብስ ስፌት፣ ምግብ ዝግጅት፣ የሒሳብ ሥራ እያለ ይወርዳል። ሴቶቹ ሁሉ ሦስተኛው ወይም አራተኛው መስመር ላይ ቆሙ። እኔ ማንበቤን አላቆምኩም። በመጨረሻው መስመር «የተሽከርካሪ አካል ጥገናና ቀለም ቅብ» ይላል። የተጨማደደን ነገር ወደ ነበረበት የመመለስ ሙያ በዓለም ላይ መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መዝጋቢው «እኅቴ፣ መስመር ስተሻል መሰለኝ፤ ይሄ መዶሻ ነው» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት።

ትምህርቱን ከተማርኩ በኋላ ለልምምድ የተመደብኩት ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው በጋሽ ይርሳው ጋራዥ ነው። ጋሽ ይርሳው ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ለግድግዳው የሚናገሩ የሚመስሉ የቀለም ሰው ናቸው። የላሜራው ሰው ደግሞ ማንደፍሮ ይባላል፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ያቋረጠ፣ ምላሱ ግን ያላቋረጠ። ማንደፍሮ የተጎዳውን ላሜራ ቀጥቅጦ ያቀናል። እኔ ስቱኮ የሚባለውን ሊጥ መሳይ ማለስለሻ እለስንበታለሁ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። ጋሽ ይርሳው ቀለም ይረጩበታል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሥራዬ መፋቅ ብቻ ነበር። ፍቄ ፍቄ የጣቴ አሻራ ሳይጠፋ አልቀረም።

ጋሽ ይርሳው ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር መዳሰስን ነው። «ዓይን ይሸነግላል። መዳፍ አይሸነግልም» ይላሉ። ፍቀህ ስትጨርስ ዓይንህን ትጨፍንና መዳፍህን በላሜራው ላይ ታስኬዳለህ። ጉብታ ካለ መዳፍ ይነግርሃል። ሌላው ሰው ሁለቴ ይዳስሳል፤ ቢጠነቀቅ ሦስቴ። እኔ ሃያ ጊዜ ነው። ማንደፍሮ «እመይቴ፣ በሩን እያጠመቅሽው ነው ወይስ እያሸሽው?» ይለኛል። እኔ ሃያ አንደኛውን እዳስሳለሁ።

አንድ ቀን ሐጂ እንድሪስ እየተጣደፉ መጡ። ሐጂ በሞጣ ገበያ እህል የሚነግዱ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ለስላሳ አባት ናቸው። ውሃ ሰማያዊ ፒካፓቸውን ደጁ ላይ አስቁመው፣ ወርደው፣ የቀኙን በር ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

«ይርሳው፣ ጉድ ሆኛለሁ» አሉ።

«ምነው ሐጂ?»

«የሷን በር ገደልኩት።»

እሷ ማለት ባለቤታቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን ለሐጅ መካ ናቸው። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ በቀኙ በር ከእሳቸው በቀር የገባ የለም ይባላል። ሐጂ ባለቤታቸው በሌሉበት መኪናዋን ከመጋዘኑ ወደ ኋላ ሊያወጡ ሲያዞሩ በሩን ከድንጋዩ ምሰሶ ጋር አላተሙት። በሩ መሐሉ ገብቶ ድስት አክሏል።

ማንደፍሮ ጎንበስ ብሎ አየና «ሐጂ፣ ምሰሶው ዱሮም እዚያው ነበረ?» አለ።

«ዱሮም እዚያው ነበር። ያቆምኩትም እኔ ነኝ።» ሐጂ ተነፈሱ። «ልጆቼ፣ ስትሄድ ሁለት ነገር ብቻ ነው አደራ ያለችኝ። አንደኛ ሶላትህን እንዳታሳልፍ። ሁለተኛ መኪናዋን እንዳትነዳ። አንዱን ጠብቄያለሁ።»

ቀጥለውም «እህሉ ነቀዘ ብላት ይቀለኝ ነበር» አሉ። «በሚመጣው ዓርብ የወንድሜ ልጅ ይነዳልኝና ባሕር ዳር ሄደን እንቀበላታለን። ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥታ መጀመሪያ የምትይዘው ይህን በር ነው።»

ጋሽ ይርሳው በሩን ዞረው አዩት። ከዚያ ለግድግዳው እንዲህ አሉ፦ «ማንደፍሮ ያቀናዋል። ቀለሙን ተማሪዋ ትረጨዋለች።»

ተማሪዋ እኔ ነኝ። ዞሬ ሌላ ተማሪ መኖር አለመኖሩን አየሁ። አልነበረም።

«ብቻሽን» አሉ ጋሽ ይርሳው። «ካማረ ቀቢ ነሽ። ካላማረ ወደ ብርጭቆ ወረቀትሽ።»

እስከ ቅዳሜ ማንደፍሮ በሩን ነቅሎ ላሜራውን አቀና፣ እኔ ለስኜ ፋቅሁ፣ ዳሰስኩ። የቀረው ቀለም ብቻ ሆነ። እሑድ ለእናቴ ልነግራት ቢቸና ወረድኩ።

«ብቻሽን?» አለች እናቴ።

«ብቻዬን።»

ደስ ብሏት እልል ልትል አፏን ከፈተችና ፀጉሬን አይታ ዘጋችው። የስቱኮ ብናኝ ፀጉሬን አመድ አስመስሎታል። «ይህን ደረቅ ራስ ይዘሽ ነው የሰው ንብረት የምትይዢው? የዚያ ቀለም ሽታስ አናትሽ ላይ ሲወጣ? ነይ ቁጭ በይ!» ለጋ ቅቤ አምጥታ አናቴ ላይ እንደ ጉልላት አቆመችው። ደግሞ መረቀችኝ፦ «ሥራሽ እንደ ቅቤ ይለስልስ። ቀኝሽን ያቅናልሽ። እጅሽ ያረፈበት ይማር።» የቀረውን ቅቤ በጣሳ አድርጋ ሰጠችኝና «በሩ እስኪያልቅ ጠዋት ጠዋት ተቀቢ» አለችኝ።

እንግዲህ ለእኔ እንዲህ ያለ መመሪያ መስጠት አደገኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተባልኩ ጠዋት ጠዋት ነው። መጠኑንም ሳላጓድል።

ሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርጌ ሞጣ ገባሁ። የጉንደ ወይን አቧራ አናቴ ላይ እንዳረፈ አልተነሣም። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ወደ ሥራዬ።

የመጀመሪያው ርጭት ሰኞ ቀትር ላይ ሆነ። መርጫውን ያዝኩ። ቀለሙ እንደ ጭጋግ ወጥቶ በሩ ላይ ተኛ። ረጠበ፣ አበራ፣ ፊቴን አየሁበት። «እሰይ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ቆየ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ወደ ጎን ሸሸ። መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ ተከፈተ፤ የምስር ፍሬ ታክላለች። አጠገቧ ሌላ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ።

ጋሽ ይርሳው መጥተው አዩ። «በሩ ፈንጣጣ ወጣበት» አሉ።

ጉድጓድ ያወጣ ቀለም በላዩ ላይ ቢደርቡበት አይድንም። እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ፍቆ አውርዶ፣ አጥቦ እንደገና መጀመር ነው። አንድ ርጭት አንድ ቀን ይበላል ማለት ነው። ዓርብ ደግሞ ወዲያ ቆማ ታየኛለች።

ጋሽ ይርሳው «ውሃ ነው» አሉ። ለመርጫው ነፋስ የሚሰጠው የኮምፕሬሰሩ በርሜል ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ከነፋሱ ጋር ይመጣል። አፈሰስነው። እውነትም ውሃ ወጣ። ጥፋተኛው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ቅቤዬን ተቀብቼ መጣሁ፤ ፋቅሁ፣ አጠብኩ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ላቤን ጠርጌ ሻሼን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ዳሰስኩ። ከትናንቱ ይበልጥ ልጠነቀቅ ብዬ ሠላሳ ጊዜ ዳሰስኩ። ረጨሁ።

ፈንጣጣው ባሰ። ትናንት ምስር፣ ዛሬ ሽምብራ።

«ማቅጠኛው ነው» አሉ ጋሽ ይርሳው። ቲነሩ ተቀየረ። እኔ ግን ልቤ አላረፈምና መማሪያ መጽሐፌን ገለጥኩ። ሁሉን ነገር እስከ መጨረሻው አነባለሁ ብያችሁ የለ? እንዲህ ይላል፦ ይህ ጉድጓድ የሚወጣው ከቀለሙ በታች ቅባት ሲኖር ነው። ዘይት፣ ሰም፣ ስብ፣ የእጅ ቅባት ሊሆን ይችላል፤ ምንጩን ፈልጎ ማራቅ ያስፈልጋል።

ምንጩን ፈልጎ ማራቅ! ይህን ካነበብኩበት ደቂቃ ጀምሮ ጋራዡ ጋራዥ መሆኑ ቀርቶ የፍተሻ ኬላ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ቅቤዬን ተቀብቼ ሁሉንም ሰው ቀድሜ ደረስኩ። በማንደፍሮ ጀመርኩ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምን አድርጌ?»

«ቁርስ ምን በላህ?»

«ፍርፍር።»

«በዘይት?»

«በጸሎት እንዲሠራልኝ ፈልገሽ ነው?»

ምሳውን ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ መንገድ ዳር እንዲበላ ፈረድኩበት። ፀጉሩን የሚቀባውን ዘይት እንዲተው፣ መዶሻውን እንዲያጥብ አዘዝኩ። እሱም መዶሻውን እያጠበ «ደብረ ወርቅ እያለሁ የኔታ እንኳ እንዲህ አልቀጡኝም» ይላል። ከዚያ ወደ ጋሽ ይርሳው ዞርኩ። ዝም ብዬ እንደማላልፋቸው ስላወቁ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ለጉልበታቸው ሕመም የሚቀቡትን ቅባት ራሳቸው አጋለጡ። «ይሄንንም ተይ ትይኛለሽ?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ «እስከ ዓርብ ብቻ» አልኩ። ሁለት ቀን እያነከሱ ሄዱ፤ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ይህን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ?

ሐጂም አልቀሩልኝም። የበሩን ነገር ሳያዩ መዋል አልሆን ብሏቸው በየቀኑ እየመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጫማቸው ተወልውሏል። የጫማ ቀለም ሰም አለው። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጫማዎን ደጅ ቢተዉት» አልኳቸው።

ሳቅ ብለው አወለቁ። «መስጊድ ሆነ እንግዲህ» አሉ።

ሁሉንም በዱቄት ሳሙና እስከ ክርናቸው አስታጠብኳቸው። ከታጠቡም በኋላ መጨረሻ ላይ በሩን እንድነካ የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ፈቃዱን የሰጠሁትም እኔ። አርባ ጊዜ ዳሰስኩ።

ልረጭ ስል ማንደፍሮና ሐጂ በሩ አጠገብ ቆመው አየሁ። ማንደፍሮ ከኪሱ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል አውጥቷል። «ዓይን ነው፤ ቀለም አይደለም» ይላል። ሐጂ መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ ያደርጋሉ። ማንደፍሮ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቃቸው፤ እሳቸውም እሱ ረጭቶ እስኪጨርስ ጠበቁትና «እኔ ጋ፣ መሐሉ ላይም ጣል አድርግበት፤ የተመታው እዚያ ነው» አሉት። ጋሽ ይርሳው ደርሰው «በሩን ማን ነው ያረጠበው!» ብለው ሲጮኹ በሞጣ የተሰማ የመጀመሪያው ጩኸታቸው ሳይሆን አይቀርም። አደረቅነው፣ እንደገና ዳሰስኩት፣ ረጨሁ።

ሽምብራው ባቄላ ሆነ።

ሐጂ ባዶ እግራቸውን ተነሥተው በሩን አዩት። «አላህ ያውቃል» ብለው ጫማቸውን ፈልገው ሄዱ። እንዳዘኑብኝ እንዳላውቅ በቀስታ ሄዱ፤ ይህ ነው ይበልጥ የቆረጠኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቅቤዬን ተቀብቼ ስደርስ ጋሽ ይርሳው መርጫውን ራሳቸው እያጸዱ አገኘኋቸው። «ዛሬ እኔ ልርጨው» አሉ፤ ለግድግዳው ሳይሆን ለእኔ። «ሰውየው ነገ ይሄዳሉ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በሩ የሐጂ ነው፣ ጋራዡ የእሳቸው ነው። የእኔ የሆነው ፈንጣጣው ብቻ። ብርጭቆ ወረቀቴን አነሣሁና ያለ የሌለ ኃይሌን አውጥቼ ፋቅሁት። ቀለሙን ካልረጨሁ ቢያንስ ለጋሽ ይርሳው እንከን የሌለው በር ላስረክብ። ላቤ ይወርዳል፤ ሻሼን እገፋለሁ፤ እዳስሳለሁ። በመጨረሻ ብርሃኑ ላይ ለማየት ጉንጬን ከላሜራው አስጠጋሁና ጎንበስ አልኩ።

ጠብ።

አንዲት ጠብታ በሩ ላይ አረፈች። ቢጫ ናት። ወደ ታች አንሸራተተች።

ማንደፍሮ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ቆርቆሮው ያፈሳል እንዴ?» አለ። ውጭ ደመና የሚባል የለም። ዓይኑን ከጣሪያው ቀስ እያለ አወረደ፤ ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ መርጫው፣ ሻሼ። ሻሼ ላይ ቆመ።

ሐጂ ከበርጩማቸው እንደተቀመጡ ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ቅር አይበልሽ» አሉኝ። «ሁላችንንም መረመርሽ አይደል?»

«አዎ ሐጂ።»

«የቀረ ሰው የለም?»

«የለም።»

«አንድ ሰው ቀርቷል።»

እጄን አንሥቼ ሻሼን ነካሁ፤ መዳፌን አየሁት። ያበራል። እንደ በሩ ነው የሚያበራው። ፊቴን ላይበት ስንት ቀን የደከምኩበት ብርሃን መዳፌ ላይ ሞልቷል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ሌላው ሰው ሁለቴ ዳስሶ ቢሄድ ኖሮ በሩ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ይወጣበት ነበር። እኔ ጥንቃቄ በጨመርኩ ቁጥር ቅቤ ጨመርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ።

«እኔኮ» አሉ ሐጂ፣ «ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ስገባ እንጀራ በቅቤ ይሸተኛል። ርቦኝ ነው እያልኩ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ይርሳው እኔን አዩ፣ ጠብታዋን አዩ፣ ያልተቀባ ጉልበታቸውን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመሙ መሰለኝ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወርደው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ማንደፍሮ ደግሞ «ለካ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ያስበላችኝ የራሷን ቅቤ ይዛ ነው!» እያለ ይዞራል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቅባት ስላለብኝ ቶሎ እገባ ነበር።

«አልታጠብም አይደለም» አልኩ እየተንተባተብኩ፤ «ግን እናቴ በሩ እስኪያልቅ ብላ…»

«ደውይላት» አሉ ጋሽ ይርሳው ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ደወልኩ። ነገርኳት።

«ታጠቢዋ!» ብላ ጮኸች እናቴ። ሁሉም ሰማ። «ራስሽን ተቀቢ ብዬ የሰው በር ቀቢ አልኩሽ? ለሐጂ ይቅርታ በይልኝ! ኧረ ጉድ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው ያበላሸው?» አለች።

«ሦስት ጊዜ።»

«ቅቤው እውነተኛ ነበር ማለት ነው» አለች።

የጋሽ ይርሳው ባለቤት ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቤታቸው ጓዳ ትኩስ ውሃ ይዘው መጡና እንደ ሕፃን አጎንብሰውኝ አጠቡኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሻሼ ሲወልቅ ሐጂ ሳይነገራቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ጨርሰን ፌስታል አናቴ ላይ አስረን እስክንመለስ አልዞሩም። በሩም እንደኔው ታጠበ፤ ተፋቀ፣ በቲነር ተወለወለ። የዳሰሱት ጋሽ ይርሳው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ።

ከዚያ መርጫውን አንሥተው ዘረጉልኝ።

«እርስዎ አይደሉም የሚረጩት?» አልኳቸው።

«ከዛሬ ወዲያ በዚህች ከተማ እንዳንቺ ቅባት የሚፈራ ቀቢ አይገኝም። ያዢ።»

መርጫውን ያዝኩ። ፌስታሉ ጆሮዬ ላይ ይንኮሻኮሻል። ከላይ ጀምሬ አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሄድኩ። ቀለሙ ተኛ። ረጠበ። አበራ። ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። «እሰይ» የሚባልበት ጊዜ አለፈ። ምስር የምትወጣበት ጊዜ አለፈ። ሽምብራውም። መቶ ስደርስ በሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ረጋ ውሃ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ማንደፍሮ።

እኩል ነው ያሉት። ጋሽ ይርሳው እያነከሱ ወደ ጓዳ ሄዱና የጉልበታቸውን ቅባት ይዘው ተመለሱ።

ዓርብ ጠዋት በሩ በቦታው ገብቶ ሐጂ ባሕር ዳር ሄዱ። እኔ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የማይፋቅ ነገር ስፍቅ ነበር። ያቺ ሴት በሩን ስትይዝ ምን ትላለች? አንድ ጉድጓድ ተደብቃ ብትቀርስ? ባሕር ዳር ላይ ብትወጣስ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒካፗ ደጃችን ቆመች። ሐጂ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። የቀኙ በር ተከፈተና ባለቤታቸው ሐጃ ወረዱ፤ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው ምንም የማያልፍ ሴት። በሩን ዘግተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ከዚያ የመኪናዋን አፍንጫ አዩ፣ የኋላውን አዩ፣ ወደ በሩ ተመለሱ።

«በሬን የነካው ማን ነው?» አሉ።

ማንደፍሮ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ጋሽ ይርሳው ግድግዳውን አዩ። እኔ «እኔ ነኝ እማማ» አልኩ።

ሐጃ አዩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ! ስንት አገር ተሻግሬ፣ ስንት ቀን በእግሬ ዞሬ ሐጅ አድርጌ ስመጣ፣ ለካ በሬ ከእኔ ቀድሞ ሐጅ አድርጎ ኖሯል! ይህ በር ኃጢአቱ ተሰርዮለት ዛሬ የተወለደ ነው የሚመስለው። ሌላውንስ? ይህን ኮፈኖ፣ ይህን ጣሪያ፣ ከነኃጢአቱ ልትተወው ነው?»

እውነታቸውን ነው። መኪናዋ በፀሐይ ብዛት የገረጣች መሆኗን ያ በር እስኪያበራ ድረስ ማናችንም ልብ አላልንም ነበር።

«እንዳልሽ» አሉ ሐጂ፤ ከኋላ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እንዳልሽ፤ ሁሉም ይቀባ።»

«እሷ ናት የምትቀባው» አሉ ሐጃ፤ ጣታቸው ወደ እኔ ነው። «ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።»

ፒካፗ ገባች። ማንደፍሮ በሩን ዘጋ። ጋሽ ይርሳው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ቆሙ፣ ወደ ግድግዳው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ዞረው ዓይን ለዓይን አዩኝ።

«ከየት እንጀምር?» አሉኝ።

ዓመት ከመንፈቅ እኔ ነበርኩ የምጠይቃቸው።

«ከጣሪያው» አልኳቸው።